«ከከንቲባ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አምጪ» ተባልሁ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከአዲስ አበባ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥቼ፣ የቤቱን ካርታ ወደ ስሜ ለማዛወር ወደ ክፍለ ከተማው መመላለስ ከጀመርሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ባለሙያው «ከከንቲባ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ካላመጣሽ አይሆንም» ይለኛል፤ ምክንያቱን ግን አይጽፍልኝም። ለመሆኑ ከንቲባ በሕግ ምን ሥልጣን አለው? ፍርድ ቤት የሰጠኝን ማስረጃ ማጽደቅ ወይም መሻር ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትዎን ነፍስ ይማር። የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላስቀድም፤ መልሱ አያጠራጥርምና። ከንቲባ የፍርድ ቤትን ውሳኔ አያጸድቅም፣ አይሽርም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣንን የሰጠው ለፍርድ ቤቶች ብቻ ነው። በእጅዎ ያለው የወራሽነት ማስረጃ ቢሰረዝ እንኳ የሚሰርዘው ፍርድ ቤት ነው፤ እስከዚያው ድረስ የማንንም ሹም ፊርማ ሳይጠብቅ የጸና ነው።

ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ከድሮ ዘመን የመጣ ነው። ያን ጊዜ ሹሙ ሥልጣኑን ከንጉሡ ያገኝ ስለ ነበር አቤት ባይ ደጅ ይጠናው ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ከንቲባን የሚያየው በዚያው ዓይን ነው። የአዲስ አበባ ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361/1995 ግን ከንቲባን የከተማዋ አስፈጻሚ አካል ኃላፊ ነው ያደረገው። እኛ ነዋሪዎች ድምፅ የምንሰጠው ለምክር ቤት አባላት ነው፤ ከንቲባን የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው። ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱና ለፌዴራል መንግሥት ነው። በ2010 ቻርተሩ ተሻሽሎ የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ምክትል ከንቲባ ሆኖ እንዲሾም ተፈቀደ፤ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም 2014 ድረስ ከተማዋን የመሩት ምክትል ከንቲባዎች ነበሩ። ይህ ሁሉ ስለ አዲስ አበባ ነው፤ ድሬዳዋ የራሷ ቻርተር አላት፣ የክልል ከተሞች ደግሞ በየክልላቸው ሕግ ይተዳደራሉ።

እንግዲህ ከንቲባ ቢሮዎችን ይመራል፣ ይቆጣጠራል፣ ሥራውን ያጓተተ ኃላፊን ይጠይቃል። ስለዚህ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ማቅረብ መብትዎ ነው። ነገር ግን ቅሬታ ማቅረብ ሌላ፣ የፈቃድ ደብዳቤ መለመን ሌላ ነው። ሕጉን ያሟላ ወራሽ ስም ለማዛወር የከንቲባ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሕጉን ያላሟላ ከሆነም የከንቲባ ደብዳቤ ጉድለቱን አይሞላለትም፤ በእንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የተገኘ ካርታ ነገ ይሰረዝብዎታል።

ባለሙያውን ከመክሰስዎ በፊት ግን ማኅደሩን ያስመርምሩ። ይዞታው ላይ የፍርድ ቤት እግድ፣ የባንክ ዕዳ ወይም ያልተከፈለ ግብር ሊኖር ይችላል። ሌሎች ወራሾች ካሉም ድርሻችሁ አልተለየ ይሆናል። እነዚህ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ከከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሳይሆን ከየራሳቸው ቦታ ነው የሚገኘው።

ስምንት ወር ሙሉ በቃል ብቻ መመለስዎ ግን አሳዝኖኛል፤ ደጋግሜ የማየው በደል ነው። በቃል የተነገረ እምቢታ ይግባኝ ለማለት አይመችም፤ ነገ «አላልሁም» ቢባሉ ማስረጃ የለዎትም። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ የወራሽነት ማስረጃውን ኮፒ አያይዘው «ስም እንዲዛወርልኝ፣ የማይቻል ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የሚል ማመልከቻ ያዘጋጁ። ለባለሙያው በእጁ አይስጡት፤ በመዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉት፣ በእርስዎ ቅጂ ላይም ቀንና ቁጥር ያስጽፉበት።

መልስ ከዘገየ ወይም ምክንያቱ ካላሳመነዎ በዚያው መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ በኩል አልፈው ወደ በላይ ኃላፊው ይሂዱ፤ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት የሚጻፈው አቤቱታ ተራው ያኔ ነው። እንዲሁም ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላሉ፤ ገንዘብ አያስከፍልም። በአስተዳደሩ በኩል ያለው መንገድ ሲያልቅ ውሳኔውን ፍርድ ቤት እንዲመረምረው መጠየቅ ይቻላል፤ ለዚህ የተወሰነ የጊዜ ገደብ ስላለ የጽሑፍ መልሱ እንደ ደረሰዎ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያማክሩ። በሚሄዱበት ጊዜ የወራሽነት ማስረጃውን፣ የእናትዎን ካርታና ገቢ የሆነውን የማመልከቻ ቅጂ ይያዙ።