60 ዲግሪው ዌጅ ለምን መሬት ይቆፍራል?

ጥያቄ፦ ጎልፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስከ ግሪኑ (ቀዳዳው ያለበት የተላጨ ሣር) ድረስ ደህና እመጣለሁ፤ እዚያ ስደርስ ግን ጉዴ ይፈላል። ፕሮፌሽናሎቹ ሲጠቀሙበት አይቼ ባለ 60 ዲግሪ ዌጅ፣ ማለትም ኳስን ከቅርብ ሽቅብ የሚያነሳ ዱላ፣ ገዛሁ። ሶሉ (የዱላው ራስ የታችኛው ገጽ) ላይ 60 እና 04 ተጽፎበታል። መሬቱን ይቆፍርና ኳሷ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቁጭ ትላለች። የምጫወትበት ሜዳ አፈሩ ለስላሳ ነው፤ ባንከሩም (የአሸዋ ጉድጓዱ) ውስጥ ያለው አሸዋ እግር ያሰምጣል። ሌላ ልግዛ ወይስ ችግሩ እኔ ጋ ነው?
ቆፋሪው

መልስ፦ ስምዎን ወድጄዋለሁ። እኔም ለዓመታት የምጠራበት ስም ይኸው ነበር።

ችግሩ እርስዎም ዌጁም ጋ አለ። ግን መጀመሪያ ያችን ችላ ያሏትን 04 እንያት። 60 ሎፍቱ ነው፤ ኳሷን ምን ያህል ሽቅብ እንደሚያነሳ ይነግርዎታል። 04 ደግሞ ባውንሱ ነው። ዌጁን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው ከጎን ይዩት። የሶሉ ሆድ ከፊተኛው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ይታያል። ያ ሆድ ነው መሬት ሲነካ ዱላው እንዳይሰምጥ ገፍቶ የሚያወጣው። ከ4 እስከ 6 ዝቅተኛ፣ ከ7 እስከ 10 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል። የእርስዎ ዌጅ ሆድ የለውም ማለት ይቻላል። ለስላሳ አፈር ላይ እንደ አካፋ ቢገባ አይፍረዱበት።

እኔ ጥፋቱን በእጄ አንጓ ላይ ሳላክክ ኖርኩ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ኬዲ (ዱላ ተሸካሚ) የነቀልኩትን የሣር ቁራጭ አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ውፍረቱ ሁለት ጣት ይሆናል። «በዚህ ቤት ልትሠራበት ነው?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዌጅ ልግዛ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ሱቅ ከመሄድህ በፊት የቆፈርከውን ጉድጓድ እይ።

እርስዎም መለማመጃው ላይ በፒቺንግ ዌጅ (ከዌጆች ሁሉ ሎፍቱ ትንሹ) አሥር ኳስ ይምቱና ጎንበስ ብለው ይዩ። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ ዱላው ከላይ ተወርውሮ ነው የሚወርደው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ባውንስ ይፈልጋሉ። ሣሩን ላጭተው ብቻ የሚያልፉ ከሆነ ትንሹ ይበቃዎታል። መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ከሆነም እንዲሁ፤ እዚያ ላይ ሆዳሙ ዌጅ ነጥሮ የኳሷን ወገብ ይመታታል፤ ኳሷም ግሪኑን ተሻግራ ትሄዳለች።

አሸዋማ ባንከር ውስጥ ያለ ሆድ አይግቡ። ጂን ሳራዘን የተባለው አሜሪካዊ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይህን ነበር የተረዳው። የዘመኑ ዱላ ጠርዙ ስለት ስለነበር አሸዋ ውስጥ ይሰምጥበታል። ከኋላው ብረት በየዳበት፤ በ1932 የብሪታኒያን ኦፕን ያሸነፈውም ያንኑ ዱላ ይዞ ነው። ሳንድ ዌጅ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው።

እንግዲህ የእርስዎ ድርሻ። ደብዳቤዎ ላይ ባይጽፉትም ኳሷን ወደ ኋላ እግርዎ አስጠግተው፣ እጅዎን ወደ ዒላማው ገፍተው የሚመቱ ይመስለኛል። ቆፋሪ ሁሉ እንደዚያ ነው። እጅ ወደፊት በሄደ ቁጥር ያለችውም ባውንስ ትጠፋለች፤ ስለቱ ብቻ ይቀራል። ኳሷን ወደ መሃል ይመልሷት።

ግዢውን በተመለከተ፣ 56 ዲግሪ ከ12 ወይም ከ14 ባውንስ ጋር ይፈልጉ። ግን አስቀድመው የፒቺንግ ዌጅዎን ሎፍት ይጠይቁ። የድሮዎቹ 48 አካባቢ ነበሩ፤ የዛሬዎቹ 44 እና ከዚያም በታች ይወርዳሉ። ከ44 ወደ 56 ሰፊ ገደል ነው፤ መሃሉ ላይ 50 ያስፈልጋል። ከረጢትዎ ከ14 ዱላ በላይ ስለማይፈቀድለት አንዱ ረጅም አይረን (ለሩቅ ምት የሚሆን የብረት ዱላ) ይውጣ። መቼ እንደመቱት እንኳ አያስታውሱትም።

60ውን ግን እንዳይሸጡት። ሜዳው ደርቆ ሲጠነክር ይዘውት ይውጡ።