ጥያቄና መልስ፦ በግቢያችን መኪና አንሥተን ጎማ ስናዘዋውር

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን የጻፉልን አባት፣ ልጃቸው የቤታቸውን ቪትዝ በግቢያቸው አንሥቶ አራቱንም ጎማዎች ሊያዘዋውር፣ ማለትም ቦታቸውን ሊያለዋውጥ እንደተነሣ፣ ያላቸው ክሪክ አንድ ብቻ ስለሆነም አንዱን ጎማ በክሪክ፣ ሌላውን በብሎኬት ደግፎ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለማውለቅ እንዳሰበ ይገልጻሉ። «መኪናው ሥር እስካልገባ ድረስ ምን ችግር አለው?» ይላሉ።

መልስ፦ ብሎኬቱ ይቅር። ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ ሲደረደር ሸክሙ በፊቱ ሁሉ ተዘርግቶ ያርፍበታል፤ የመኪና ሸክም ግን በአንዲት ጠባብ የብረት ጠርዝ ላይ ስለሚጠራቀም ውስጡ ባዶ የሆነው ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ተሰነጣጥቆ ይፈርሳል። የድንጋይ ድርድርም ይንሸራተታል። «ሥሩ አልገባም» የሚለውን ምክንያት ብዙ ሰው ያነሣዋል፤ ነገር ግን ጎማ የሚያወልቅ ሰው ጉልበቱን ከመኪናው ጠርዝ አጠገብ አንበርክኮ፣ ሁለት እጁን ከጎማው ሥር አስገብቶ ነው የሚሠራው፤ መኪናው ከክሪኩ ላይ ከተንሸራተተ እጁን ለማውጣት ጊዜ የለውም።

ደግነቱ ስኮርታ ጎማው ካለ አንድ ክሪክ ይበቃል። ቪትዝን የመሰሉ በፊት ጎማ የሚጎተቱ መኪኖች የፊቶቹ ጎማዎች በየወገናቸው ቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ የኋላዎቹ ደግሞ ተሻግረው ወደ ፊት ይመጣሉ። ስለዚህ ልጅዎ የግራውን ፊት ጎማ አውልቆ ስኮርታውን ያስርበትና መኪናውን ያውርድ። ከዚያ የግራውን ኋላ ያንሣና ያወለቀውን የፊት ጎማ ይተካበት፤ ከዚያ የወጣው ወደ ቀኝ ፊት፣ የቀኙ ፊት ወደ ቀኝ ኋላ ይሂድ፤ በመጨረሻ ከቀኝ ኋላ የወጣው ስኮርታው ካለበት ከግራ ፊት ይግባ። አምስት ጊዜ ማንሣት ይጠይቃል፤ መኪናው ግን በየትኛውም ጊዜ ከአንድ በላይ ጎማ አይጎድለውም።

ከማንሣቱ በፊት ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። በእኛ አገር ዋልካ አፈር ላይ፣ በተለይ ዝናብ ከጠገበ፣ የክሪኩ እግር አንድ ወገኑ ቀድሞ ስለሚሰምጥ ክሪኩ ይዘማል፤ ሰፊና ወፍራም ጣውላ ሥሩ ማንጠፍ ያስፈልጋል። የእጅ ፍሬኑ በደንብ ይሳብ። «ማርሹን ፓርክ ላይ አድርጌዋለሁ» ማለት አይበቃም፤ አንዱ የፊት ጎማ ሲንጠለጠል ዲፈረንሻሉ (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ማርሽ) መሬት የያዘው ጎማ እንዲዞር ስለሚፈቅድለት፣ መኪናውን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን የሚያስረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። በዚህም ላይ ከሚነሣው ጎማ በሰያፍ ያለው ጎማ ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግበት። ብሎኖቹ ጎማው መሬት ሳይለቅ ሩብ ዙር ያህል ላላ ይደረጉ፤ ተንጠልጥሎ ሳለ በኃይል መታገል መኪናውን ከክሪኩ ይገፋዋል። ክሪኩ የሚገባው ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ፣ አምራቹ ምልክት ባደረገበት ቦታ ብቻ ነው። ሲታሰርም ብሎኖቹ በእጅ ከተያዙ በኋላ መኪናው ወርዶ፣ አንዱን አጥብቆ ወደ ትይዩው በመሻገር ይጨረሳሉ።

ጥያቄ፦ የደብረ ሲና ነዋሪ ግቢያቸው ዳገት ነው፤ ታኮ አብዝተው ቢያነሡስ?

መልስ፦ አይሆንም፤ ሜዳ ወዳለበት ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ከመሐል ሜዳ ከተማ ሂሉክስ የሚነዱ አንባቢ በስንት ኪሎ ሜትር፣ በየትኛውስ አቅጣጫ እንደሚያዘዋውሩ ይጠይቃሉ።

መልስ፦ በየ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር፤ በኮረኮንች ከሚውል መኪና ግን ቀደም ይበሉ። በኋላ ጎማ በሚገፋ መኪና አቅጣጫው የቪትዙ ተገላቢጦሽ ነው፤ የኋላዎቹ ቀጥታ ወደ ፊት፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ። በጎማው ጎን የመዞሪያ ቀስት ካለ ግን ጎማው ወገኑን አይለቅም። ሂሉክስ ከፍ ያለና ከባድ ስለሆነ የቪትዝ ክሪክ ተውሰው አያንሡት።

ጥያቄ፦ የሸዋ ሮቢት አንባቢያችን የፊት ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ብቻ ተበልቷል። ወደ ኋላ ቢወስዱት ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም። መካከሉ ብቻ ሲያልቅ ነፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዞች ሲያልቁ አንሷል፤ አንድ ጠርዝ ብቻ ሲያልቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ አላይመንቱ (የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበል ልክ) ተዛብቷል ወይም ጎማውን ከሚይዘው የእግር ዕቃ አንዱ ላልቷል። ጎማውን ወደ ኋላ መውሰድ ምልክቱን ከዓይን ያርቃል፤ በቦታው የሚገባውም ጎማ በዚያው መንገድ ይበላል። እርስዎ የጣርማ በርን ጥምዝምዝ የሚወጡና የሚወርዱ ሰው ነዎትና ይህን በግቢዎ ለመፍታት አይሞክሩ። የእግሩን ዕቃና አላይመንቱን መካኒክ አይቶ ሳያስተካክል አያዘዋውሩ፤ የጎማው ሽቦ ብቅ ካለም በዚያ ጎማ ቁልቁለቱን አይውረዱ።

ጥያቄ፦ ብሎኖቹ እንዳይዝጉ ግሪስ ልቀባቸው?

መልስ፦ አይቀቡ። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ደረቅ እንደሆኑ ያጥብቋቸው፤ ቅባት ያለው ብሎን በተለመደው ኃይል ሲጠብቅ ከልኩ በላይ ይወጠራል።

ጥያቄ፦ የአጣዬ አንባቢ ጎማቸው ላይ 2319 የሚል አይተዋል።

መልስ፦ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ካዘዋወርሁ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ ግዴታ ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የመጀመሪያ ጉዞዎ ወደዚያ ከሆነ ቁልፉን ይዘው ይሂዱና ከመመለስዎ በፊት እያንዳንዱን ብሎን ይፈትሹ። በመንገድ ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወይም ከጎማ በኩል የማንኳኳት ድምፅ ከሰሙ ግን አዲስ አበባ እስኪደርሱ አይጠብቁ፤ ወዲያው ዳር ይዘው ይፈትሹ።