ሰርግ ያሳደረው የሮክ ባንድ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከስቱዲዮ ስመለስ ነው ያነበብኩት። ይኸው ነገር እኛንም አንድ ሰሞን ሊበትነን ደርሶ ነበር። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዛሬ ልምምድ የለንም፤ ሻዬን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ጥያቄዋን ላላያችሁ ባጭሩ ላስታውስ። እህታችን አዳማ ነው የምትኖረው፣ ቤዝ ጊታር ትጫወታለች። አራት ሆነው የሮክ ባንድ አቋቁመዋል፣ የራሳቸው ስድስት ዘፈን አላቸው። ሰዉ ሁሉ «ሮክ እዚህ አገር አይሠራም» ይላቸዋል። ሰሞኑን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰርግ እንዲሠሩ ተጠየቁና ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱ «ሰርግ ከገባን ሮካችን አለቀ» አሉ። እሷ የቤት ኪራይ አለባት። ምን ይሻለናል ነው የምትለው።

እኔ አዲስ አበባ በአንድ ባንድ ውስጥ ሊድ ጊታር ስጫወት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ከኋላችን ፕሮዲውሰርም ስፖንሰርም የለም። አልበማችንን በኪሳችን ነው የሠራነው። መልሴ አንድ ቃል ነው፦ ሥሩት። ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ «ሮክ አይሠራም» የሚለውን እናንሳ። ቤዝሽን አንሺና ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እያልሽ ውጪና ውረጂ። ጊታር የሚማር ልጅ ሶሎ ለመጫወት መጀመሪያ የሚያጠናው ማይነር ፔንታቶኒክ ይኸው ነው። ስንትና ስንት የሮክ ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣ አጭር የጊታር ዜማ፣ ከነዚህ አምስት ድምፆች ወጥቷል። አሁን ያንኑ ለአንድ ማሲንቆ ተጫዋች አሰሚው። «ባቲ ማይነር ነው» ይልሻል፤ ባቲ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። አያትሽም ቢሰሙት ጆሯቸው ያውቀዋል። ስለዚህ «የእኛ ሰው ጆሮ አይቀበለውም» የሚለው ወሬ ለእኔ ውኃ አያነሳም። ሰዉ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ ዜማውን አይደለም፤ ግጥሙ ሳይሰማው ሲቀር ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሮክ የሚወደው ፓወር ኮርድም (ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው) እንዲሁ ከቅኝቶቻችን ጋር ብዙ አይጣላም። ሥሩንና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ ነው የሚይዘው። ሦስተኛው ድምፅ ስለሌለበት ሜጀር ነው ማይነር ነው ብሎ ዜማውን አያስገድደውም። ትዝታ፣ ባቲና አምባሰል ሦስቱም አምስተኛው ድምፅ አላቸው። የሚያስቸግረው አንቺሆዬ ነው። ከዶ ብትነሺ ሶል የለውም፤ በቦታው ሶል ፍላት ነው ያለው። እኛ አንድ የአንቺሆዬ ዘፈን ላይ ሁለት ወር ተንገላተናል። እኔ ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን) አድርጌ ኮርድ በጫንኩ ቁጥር ዜማው ይሰበራል። በመጨረሻ ኮርዱን ጭራሽ ተውኩት። ጊታሩ ድምፃዊቷ የምትዘፍነውን ዜማ በነጠላ ድምፅ አብሯት እንዲሄድ አደረግን፣ ቤዙ ዶ ላይ ብቻ ቆመ። ያ ዘፈን ዛሬ ከሁሉም የምወደው ነው። ከስድስቱ ዘፈኖቻችሁ አንቺሆዬ ካለ ይህን ሞክሩት።

ደግሞ ኤሌክትሪክ ጊታር እዚህ አገር ትናንት የገባ እንግዳ አይደለም። ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራዎች ዘመን ጀምሮ አለ። የሮክ ባንዱ ጃኖ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» አልበሙን ሲያወጣ እኔ ገና ክር መቀየር የምማር ልጅ ነበርኩ። ያን ድምፅ ከአማርኛ ግጥም ጋር መስማቴ ነው ጊታሩን እንዳላስቀምጠው ያደረገኝ። ራስን ችሎ ማሳተምም ቢሆን ቀድሞ የደፈረው ሰው አለ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሬከርድስ የሚባለውን የሙዚቃ ማሳተሚያ ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነበር። እሱ ግን ሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ዛሬ ዓለም የሚሰበስባቸው የዚያ ዘመን ሸክላዎች ብዙዎቹ ከዚያ ድፍረት የወጡ ናቸው። እኛ አሁን ዘፈን በስልክ እንለቃለን። ከእሱ ጋር ሲተያይ የእኛ ቀላል ነው።

አሁን ወደ ሰርጉ።

የእኛ ድራመር ሲመጣ ሄቪ ሜታል ብቻ የሚጫወት ልጅ ነበር። እግሩ ፈጣን ነው፣ ጡንቻ አለው። የመጀመሪያ ሰርጋችን ላይ ግን ቺክቺካ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይዘልቅ እጁ ተሳሰረ። ቺክቺካ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ በስድስት የሚቆጠር የጭፈራ ምት፤ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን ጭፈራው ሲደራ ማቆም የለም። ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ሳታቋርጪ ትሻገሪያለሽ። ጉራግኛ ሲመጣ ደግሞ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ታላላቆቻችን በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ምክንያት የምሽት ክበቡ በር ተቆልፎ እስከ ንጋት ይጫወቱ ነበር። ጽናታቸው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ድራመራችን ሁለት ዓመት ሰርግ ከሠራ በኋላ የራሳችን ዘፈኖች ላይ ሌላ ሰው ሆነ። የሮክ አራት አራተኛውን እየመታ ድንገት ከሥሩ ስድስቱን ያስገባል። ይህን ማንም ትምህርት ቤት አላስተማረውም። አዳራሽ ውስጥ፣ እስክስታ ከሚወርዱ ሰዎች ትከሻ ነው የተማረው።

አንድ ቀን ሰበታ ሰርግ ላይ ነበርን። ማታ ላይ የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም መድረኩ ሥር መጥቶ «የራሳችሁ የላችሁም?» አለ። ተያየን። የሙሽራዋን አባት አስፈቀድንና አንድ የባቲ ዘፈናችንን በቺክቺካ ጀመርነው። ጊታሩን ከነዲስቶርሽኑ ለቀቅኩት። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት ከወንበራቸው ተነሱ። ዘንጋቸውን ለልጅ ልጃቸው ሰጡና ትከሻቸውን መስበር ጀመሩ። ዘፈኑ ሲያልቅ መቶ ብር በግንባሬ ለጠፉ። ላቡ ይዞት እስከ መኪናው ድረስ አልወደቀም። እኒያ ሰው ሮክ ሰምተው አያውቁም ይሆናል። ያቺን ብር አልተጠቀምኩባትም፤ የጊታሬ ቦርሳ ውስጥ አለች። ለባንድ ጓደኞችሽ ይህን ንገሪያቸው። ግን ቤተሰቡን ሳታስፈቅዱ እንዳታደርጉት። ቀኑ የሙሽሮቹ ነው።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ ልንገርሽ። የእኛ ዓመት የሚሄደው በሰርግ ነው። ጥር ላይ እንሠራለን። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ሙስሊም ደንበኞቻችንም በረመዳን አይደግሱም። ፋሲካ ሲፈታ ሚያዝያና ግንቦት እንደገና እንሮጣለን። መጀመሪያ ሰሞን ሁዳዴን እንፈራው ነበር፣ ኪሳችን ይደርቃል። አሁን ግን የምንጽፍበትና የምንቀርጽበት ጊዜ አደረግነው። አልበማችን ላይ ካሉት ዘጠኝ ዘፈኖች ሰባቱ የሁዳዴ ናቸው። አሁንም ስቱዲዮ ያለነው ለዚህ ነው። ከእያንዳንዱ ሰርግ አንድ ሦስተኛው ለማናችንም አይከፈልም፣ ወደ ባንዱ ሣጥን ይገባል። እንደ እድር በሉት። ኪቦርዲስታችን ደብተር ይዛ ትጽፋለች። ክር፣ የስቱዲዮ ሰዓት፣ የታክሲ፣ ሁሉም ከዚያ ነው።

ከሣጥኑ መጀመሪያ የገዛነው ስታቢላይዘር ነው። እናንተም መጀመሪያ እሱን ግዙ። እኔ ሳልገዛ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮረንቲው በአንዴ ዘለለና አምፔን፣ የጊታሬን ድምፅ ማጉያ፣ አቃጠለው። አራት ወር በሰው አምፕ ነው የተጫወትኩት። ከሥራ በፊት ደግሞ ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ፣ በወረቀት። አንድ ቤት ሦስት ምሽት አጫውቶን ሳይከፍል ቀርቷል፤ በእጃችን ምንም ወረቀት አልነበረም። ዘፈኖቻችሁንም አሁን ተስማምታችሁ ጻፉ፤ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ለደራሲውም ለተጫዋቹም መብት ይሰጣል፤ ግን እናንተ እርስ በርስ ካልተስማማችሁ አዋጁ ጓደኝነታችሁን አያድነውም። ከእኛ አንድ ልጅ ሲወጣ በአንድ ዘፈን ምክንያት ለአንድ ዓመት ሰላምታ ተነፋፍገናል። ያ እስካሁን ያመኛል።

ግጥም ያልኩሽ ላይ ልመለስ። አማርኛ ሲዘፈን መጥበቅና መላላት ይጠፋል፤ ሮክ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ምቱ ከባድ ስለሆነ። «ልቤ አለ» የሚል መስመር ነበረን፤ ልቤ አሁንም እዚያው ነው ለማለት። ድምፃዊያችን «አ»ን በረጅሙ ስባ «ለ»ን ታስከትላለች። አንዲት ልጅ ከመድረክ ስንወርድ «ልብሽ ምን አለ?» ብላ ጠየቀቻት። እውነቷን ነው፤ ሲላላ «ተናገረ» ይሆናል። ማታውኑ ቀየርነው። «አ»ን አሳጠርንና ከምቱ በፊት አደረግናት፣ «ለ»ን ጠብቃ ከባዱ ምት ላይ አሳረፍናት፣ የሚረዝመውም እሱ ሆነ። ቃሉ በራ። ስድስቱን ዘፈኖቻችሁን ቁጭ ብላችሁ በዚህ ዓይን እዩዋቸው። መጀመሪያ ያለ ጊታር እንደ ወሬ አንብቡት፣ ከዚያ ምቱን ቃሉ ላይ አልብሱት።

ጓደኞችሽ የሚፈሩት ነገር ግን ባዶ አይደለም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሺ ሲል ሲል የራሱን ዘፈን የረሳ ባንድ አይቻለሁ። ጥሩ ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ሕግ አውጡ። እኛ በሰርግ ወራት እንኳ ሁለት ቅዳሜ ከሠራን ሦስተኛው የእኛ ነው፣ የሚኒስትር ልጅ ሰርግ ቢመጣም አይነካም። በዚያች ቅዳሜ 8 ሰዓት ላይ ልምምድ ክፍላችን እንገናኛለን። ጆሯችሁንም ጠብቁ። ድምፁ 100 ዴሲቤል ከደረሰ ጆሮ በደህና የሚችለው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ልምምድ ክፍል ውስጥ ደግሞ እዚህ ድምፅ ላይ በቀላሉ ይደረሳል። እኔ ለሰባት ዓመት ከሲምባሉ ሥር ቆሜ ግራ ጆሮዬ ማታ ማታ ይጮሃል። መድፈኛ ርካሽ ነው፣ ግዙ።

ልምምድ ክፍል ካልኩ አይቀር፣ የእኛ ከአንዲት እናት ቤት ጋር በግድግዳ የተያያዘ ነው። ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍነነዋል፤ ግን ከበሮ ፍራሽ አይመልሰውም። መጀመሪያ ሄደን ይቅርታ ጠየቅንና ሰዓት ተስማማን። ከ11 ሰዓት በኋላ ድምፅ የለም፤ ለቅሶ ካለ ጭራሽ አንጀምርም። አንድ ቀን ድራመራችን ዳቦ ይዞላቸው ሲገባ እማማ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ያቺ ሦስተኛዋ ላይ ትቸኩላለህ። ልጅቷ ትንፋሽ ያጥራታል።» ሰውየው ደንግጦ መጣ። ቀርጸን ስንሰማው እውነት ነው፤ ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ከመጀመሪያው በግልጽ ይፈጥናል። ስድስት ወር ስንለማመደው አንዳችንም አልሰማነውም። እሳቸው በግድግዳ ሰምተውታል። ከዚያ ወዲህ በሜትሮኖም፣ ምቱን እኩል በሚቆጥርልን መሣሪያ፣ ነው የምንለማመደው። አዲስ ዘፈን ሲኖረንም በር አንኳኩተን «እማማ፣ እንዴት ነው?» እንላቸዋለን።

እናንተም ጎረቤት አትጣሉ። ሰርጉንም ውሰዱት። ለሁለቱ ጓደኞችሽ ይህን አንብቢላቸውና ካላመኑ ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ፋሲካ ከዋለ በሁለተኛው ቅዳሜ እኛ አዳማ ሰርግ አለን። ሳውንድ ቼክ (የድምፅ ሙከራው) ጠዋት 3 ሰዓት ነው፣ አዳራሹ ባዶ ነው፣ አንድ ሰዓት ያህል የራሳችንን እየተጫወትን ነው የምናሞቀው። አራታችሁም ኑ። አንቺ ቤዝሽን ያዢ፤ ጃክ (ገመዱ) እኛ ጋ አለ።