መልስ፦ ሜታፕኒሞቫይረስ በልጆች ላይ ብርቅ ነው ወይ?

ሰላም እህቴ። «ልጄን ሜታፕኒሞቫይረስ ይዞታል ተባልኩ፤ ብርቅ በሽታ ነው ወይ?» ላልሽው፣ በፍጹም ብርቅ አይደለም። የመተንፈሻ አካላትን የሚያጠቃ ቫይረስ ሲሆን፣ አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ሁሉንም ልጆች ማለት ይቻላል ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። አዲስ የሚባለው የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ስላገኙት ነው። ከ1958 ጀምሮ የተቀመጠ የደም ናሙና ሲመረምሩም ሰውነት ይህን ቫይረስ ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል አገኙበት። ስም ሳይወጣለት ስንቱን ልጅ ሲያስል ኖሯል ማለት ነው!

አብዛኞቹ ላይ ሳል፣ ንፍጥና ትኩሳት ብቻ ነው። ዳግመኛ ሊይዝም ይችላል፤ ያኔ ግን ብዙውን ጊዜ ይቀላል። እኔን የሚያሳስቡኝ ጨቅላዎቹ ናቸው፣ በተለይ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው፣ ነገ ሳትዪ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።