ማርሽ አልወጣ ሲል ካምቢዮ ከማውረድህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። መኪናው ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው፣ ባለ ዋን ኤች ዜድ ሞተር። ማዳበሪያ ጭነህ ዳገት ላይ ቆመህ ነበር። ልትነሳ ስትል ማርሹ ሁለተኛ ላይ ቀረ፣ አልወጣም አለ። ፍሪሲዮን እስከ ታች ረግጠህ ቁልፉን ስታዞር መኪናው ወደፊት ዘለል ይላል። መካኒኩ ደግሞ ከስር ሳይገባ ማርሾቹ ያሉበትን ሳጥን «ካምቢዮው ተበልቷል፣ ይውረድና ያገለገለ ግዛ» አለህ።

አትግዛ። ቢያንስ ገና ነው።

መልሱ ራስህ የጻፍከው ውስጥ አለ። ፍሪሲዮን ተረግጦ የሚነሳ መኪና መዝለል የለበትም። የፍሪሲዮን ሥራ ሞተሩንና ካምቢዮውን ማለያየት ነው። ከተለያዩ ማርሹ የትም ላይ ይሁን ሞተሩ ለብቻው ይዞራል፣ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ያንተ ከዘለለ አልተለያዩም ማለት ነው። ማርሹ የማይወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዳገቱ ጎማውን ወደ ኋላ ይስባል፣ ሞተሩ አልለቅም ይላል፣ መሃል ላይ ያሉት የማርሽ ጥርሶች ተወጥረው ይቀራሉ። የተወጠረ ጥርስ በጉልበት አይላቀቅም። እጀታው ላይ ቧንቧ አስገብተው የሚጎትቱ ሰዎች አይቻለሁ። የሚያተርፉት የተጣመመ እጀታ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውጥረቱን አርግብ። ሞተር አጥፋ። ከኋላ ጎማዎቹ ስር ታኮ አስገባ፣ ጥሩ ድንጋይም ይሆናል። ከመኪናው ፊትና ኋላ ሰው አይቁም። የእጅ ፍሬን ሳብ፣ የእግር ፍሬኑንም አጥብቀህ ያዝ። ከሁለተኛ ወደ ዜሮ የሚኬደው ወደፊት ስለሆነ መዳፍህን እጀታው ላይ አድርገህ ወደፊት ለስለስ አድርገህ ግፋ። እየገፋህ ቁልፉን ለቅጽበት ብቻ ነካ አድርገው። ሞተሩ ትንሽ ሲነቃነቅ ጥርሶቹ ሊላሉ ይችላሉ፣ ያኔ ማርሹ «ቀጭ» ብሎ ይወጣል። ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሰው መኪናውን ወደፊትና ወደ ኋላ ወዝወዝ ቢያደርጉት ይበቃ ነበር። ማርሹ እንደወጣ መኪናውን የያዘው ፍሬንና ታኮ ብቻ መሆኑን እንዳትረሳ። ማዳበሪያውም አለ።

ወጣልህ? አሁን ወደ በሽታው እንሂድ።

ላንድክሩዘር ላይ ፍሪሲዮን የሚሠራው በፈሳሽ ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ የላይኛው ፓምፕ ፈሳሹን በቱቦ ወደ ታችኛው ፓምፕ ይገፋዋል። ታችኛው ፓምፕ ካምቢዮውና ሞተሩ ከሚገናኙበት ጎን ላይ ከውጭ የታሰረ ነው። ከእሱ የሚወጣ አጭር ዘንግ ሹካውን ይገፋል፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው ደግሞ ሸራውን (ከሞተሩ ጋር የሚጣበቀውን የፍሪሲዮን ክብ ሰሌዳ) የተጫነውን ሰሃን። አንዱ ጋ ትንሽ ጉልበት ከጠፋ መጨረሻው ላይ ሸራው ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም።

ኮፈኑን ክፈትና የፍሪሲዮን ፈሳሹን ዕቃ እይ። ከፍሬኑ ዕቃ አጠገብ ያለችው ትንሿ ናት። ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ ምክንያቱም ይህ ፈሳሽ እንደ ነዳጅ አያልቅም። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ አምስት ስድስት ጊዜ ስትረግጠው ጠጠር ብሎ ማርሽ ከተቀበለህ ወይ አየር ገብቷል ወይ የላይኛው ፓምፕ ጎሚኒ (ውስጡ ያለው የጎማ ማሸጊያ) አልቋል። ዝም ብለህ ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ደግሞ ፈሳሹ በጎሚኒው ጎን እያመለጠ ነው። ከፔዳሉ በላይ ያለውን ብረት በእጅህ ዳስሰው። እርጥብ ከሆነ የላይኛው ፓምፕ ወደ ውስጥ እያፈሰሰ ነው።

ቀጥሎ ከስር ግባ። ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ይርገጥ፣ አንተ የታችኛውን ፓምፕ ዘንግ እይ። ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ በግልጽ መግፋት አለበት። ሞተሩ መጥፋቱን ሳታረጋግጥ ግን እንዳትገባ።

እኔ ለረጅም ጊዜ የመስክ መኪኖች ላይ ሠርቻለሁ። አንዴ አባይ በረሃን ወጥተን ደጀን ልንደርስ ስንል እንደ አንተው ያለ ጭነት ያለው ፒካፕ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘን። ሾፌሩና ረዳቱ እጀታውን በአራት እጅ ይዘውታል። ካምቢዮ የሚጭን መኪና ለመጥራት ስልክ እየተደወለ ነበር። ከስር ገብቼ ታችኛው ፓምፕ ጫፍ ላይ ያለችውን የአቧራ መከላከያ ጎማ በጣቴ ገልበጥ ሳደርጋት ጥቁር ፈሳሽ እስከ ክንዴ ወረደ። ጎሚኒው ተበልቶ ፍርፋሪው ፈሳሹን አጥቁሮታል። ከከተማው ዶት 3 የፍሬን ፈሳሽ መጣ፣ ሞላን፣ አየሩን አወጣን፣ መኪናው በራሱ ጎማ ገባ። መንገድ ላይ እየቆመ ፈሳሽ ይጨምር ነበር እንጂ ካምቢዮውን የነካው ሰው የለም።

አየር ማውጣት ከባድ አይደለም። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል። ሌላው ከታችኛው ፓምፕ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን ላላ አድርጎ ፈሳሽና አየሩን ያስወጣና ያጠብቃታል። ከዚያ ፔዳሉ ይለቀቃል። ፔዳሉ ሳይለቀቅ መጥበቅ አለባት፣ አለዚያ አየሩ ተመልሶ ይገባል። አረፋ እስኪጠፋ ይህንን ትደጋግማለህ፣ ዕቃው እንዳይደርቅም እየሞላህ። ፈሳሹ ቀለም ይልጣል፣ ቦዲው ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠበው። የሞተር ዘይት ግን እንዳትጨምርበት! በረሃ ላይ የሚያደርጉት አሉ። ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ በሳምንቱ ሁለቱንም ፓምፕ ትቀይራለህ።

ጎሚኒ አዲስ አበባ የመለዋወጫ ሰፈሩ ሶማሌ ተራ ታገኛለህ። ከመግዛትህ በፊት ግን ፓምፑን ፍታና የውስጡን ግድግዳ በጥፍርህ ዳስሰው። ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለው አዲስ ጎሚኒ አይበረክትም፣ ፓምፑን ሙሉውን ቀይር። ሻጩ «ጎሚኒው ይበቃሃል» ሊልህ ይችላል። ጎሚኒው ሲያልቅብህ የምትመለሰው እሱ ጋ ነዋ።

ዘንጉ ጥሩ አድርጎ እየገፋ መኪናው አሁንም የሚዘልል ከሆነ ችግሩ ውስጥ ነው። ሹካው ተሰንጥቆ ወይም ታጥፎ ይሆናል፣ የሰሃኑ ስፕሪንግ ተሰብሮ ይሆናል። መኪናው ክረምቱን ቆሞ ከነበረ ሸራው በዝገት ቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ለተጣበቀ ሸራ ፔዳሉን ረግጠህ ከመቀመጫው ጋር በእንጨት ወጥረህ ማሳደር አንዳንዴ ይሠራል። ካልሆነ አዎ፣ ካምቢዮው ይወርዳል። ግን የሚወርደው ፍሪሲዮኑን ለመሥራት ነው። ካምቢዮው ራሱ አይከፈትም፣ አይቀየርም። የዋጋ ልዩነቱን አንተው ታውቀዋለህ። መካኒኩ ጋር የምትነጋገረው በዚህ ላይ ይሁን።

መኪናችሁ ሳይዘል ማርሽ የያዘባችሁ ሌሎችም ስላላችሁ ትንሽ ልጨምር።

ፍሪሲዮኑ ደህና ሆኖ፣ ፔዳሉ ተረግጦ መኪናው ሜዳ ላይ ሲገፋ ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ፍሬን አለመያዙን አረጋግጡ። ፍሬን ካልሆነ ሁለት ማርሽ አንድ ላይ ገብቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ማርሽ ብቻ ቢሆን ፔዳሉ ሲረገጥ መኪናው መንከባለል ነበረበት። ሁለት እንዳይገባ የሚከለክል መቆለፊያ ካምቢዮው ውስጥ አለ፣ እሱ ሲበላ ነው እንዲህ የሚሆነው። ይህ በእርግጥም የካምቢዮ ሥራ ነው።

እጀታው ወዲያ ወዲህ እየዋለለ ማርሹ ግን ካልተንቀሳቀሰ ከላይ ጀምሩ። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች የእጀታው የታችኛው ጫፍ ፕላስቲክ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፕላስቲኩ ሲያልቅ እጀታው ከቦታው ይንሸራተታል። የእጀታውን መሸፈኛ ጎማ ገልጣችሁ እጀታውን አውጡና እዩት። ርካሽ ዕቃ ነው። እጀታው ወጥቶ እያለ በቀዳዳው በጠንካራ ካቻቢቴ ገፋ ስታደርጉት ወደ ዜሮ ከመጣ ውስጡ ደህና ነው። ቀዳዳውን ግን በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። አንድ ቡሎን ከገባበት ያን ጊዜ ካምቢዮው በእርግጥ ይወርዳል።

የያዘው አጭሩ እጀታ፣ የፎር ባይ ፎሩ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ጭቃ ውስጥ ኤች 4 አስገብታችሁ አስፋልት ላይ ስትነዱ፣ መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል መዞር አይፈልጉም፣ መሃሉ ይወጠራል። ቀጥ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፣ ይለቃል።

ወደ አንተ ልመለስ። «እስከ ጋራዥ ልጎትተው?» ብለሃል። ማርሽ እንደገባ አትጎትት። ዋናው ማርሽ እምቢ ካለህ አጭሩን እጀታ ኤን ላይ አድርገው። ሞተሩና ዋናው ካምቢዮ ከጎማው ይለያሉ፣ መኪናው በነፃ ይንከባለላል። ሞተሩንም ማስነሳት ትችላለህ፣ የፍሬኑ አጋዥ እንዲሠራልህ። ኤን ላይ ሆኖ ስታቆመው ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይይዘውም፣ የእጅ ፍሬንና ታኮ የግድ ነው።

የካምቢዮ ዘይቱንም ጋራዥ ስትደርስ አሳያቸው። መሙያው መከፈቱን ሳታረጋግጥ ማፍሰሻውን አታስፈታ። መሙያው እምቢ ብሎ ዘይቱ ከፈሰሰ መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው። ማፍሰሻው ማግኔት ላይ ግራጫ ቅባት የመሰለ ነገር ካለ አትደንግጥ፣ የተለመደ ነው። ቢጫ ቅርፊት ወይም የብረት ስባሪ ካየህ ግን መካኒኩ ከፊል እውነቱን ነው።

ዛሬ ሰው ፔዳሉን ሲረግጥልህ ዘንጉ ስንት እንደሚገፋና የፈሳሹ ዕቃ ምን ላይ እንዳለ እይና እዚሁ ጻፍልኝ። የታችኛውን ፓምፕ ፎቶም ለጥፍ፣ የአቧራ ጎማዋን ገልበጥ አድርገህ።