መሪ የጨበጠ ሁሉ ማይክ ይይዛል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁም። ወንድማችን ትናንት ማታ የለጠፈው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛው፦ በፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ስርጭት ላይ የቀድሞ ተወዳዳሪዎች ማይክ ሲይዙ አንዱ ከወንበር ያስነሳል፣ ሌላው እንቅልፍ ያመጣል፤ ልዩነቱ ከምን መጣ? ሁለተኛው፦ አንድ ቀን ውድድሩ በአማርኛ ቢተላለፍ ማን ቢይዘው ይሻላል? ብዙዎቻችሁ «ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነዋ!» ብላችሁ አልፋችኋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ትንሽ ስለሚረዝም ሻይ ቢጤ ያዙና አንብቡኝ።

ከየት ሆኜ እንደማወራ ልንገራችሁ። ጉልበቴን የጨረስኩት ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና በመንዳት ነው። የእሽቅድምድም መኪና ነድቼ አላውቅም። አሁን አዳማ ተቀምጫለሁ። እሁድ እሁድ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ካፌ ውስጥ ተሰብስበን ውድድር እናያለን፤ ባለቤቱ ስክሪኑን ለኳስ ካልፈለገው ማለቴ ነው። የአውሮፓዎቹ ውድድሮች ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስለሚጀምሩ ከእንግሊዝ ኳስ ጋር መጋጨታቸው አይቀርም። ማን እንደሚያሸንፍ ታውቁታላችሁ። ስክሪኑ የደረሰን ቀን ግን እንግሊዝኛው ለሁሉም ስለማይገባ፣ እየሰማሁ ለጠረጴዛው የማቀብለው እኔ ነኝ። ኮሜንታተርን የምመዝነውም በዚሁ ነው። አንዱ አጭር ነገር ጣል ያደርግና ጠረጴዛው በሙሉ ወደ ስክሪኑ ይዞራል። ሌላው አንድ ዙር ሙሉ አውርቶ «ምን አለ?» ሲሉኝ የምነግራቸው አጣለሁ።

ከባድ መኪና ነድቶ የተወ ሰው ሚኒባስ ጋቢና ሲቀመጥ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሹፌሩ ፍሬን ሳይነካ የሰውየው ቀኝ እግር ወለሉን ይረግጣል። ከፊት ያለው ባጃጅ ገና አልታጠፈም። እሱ ግን የፊት ጎማው ሰበር ሲል አይቷል። ለእኔ ጥሩ የቀድሞ ተወዳዳሪ ማለት ያ እግር አፍ ሲያወጣ ነው። ከሆነ በኋላማ ሪፕሌይ አለ፤ ለዚያ ማንም አያስፈልገንም።

በቅርብ ላሳያችሁ። መኪናው ላይ በተገጠመው ካሜራ እኛ የምናየው ፍጥነቱን ነው። ነድቶ የሚያውቀው ሰው የሚያየው እጅ ነው። ጎማው ደህና ሲሆን ተወዳዳሪው ረጅም ኩርባ ላይ መሪውን አንዴ ያዞርና ይዞ ይቆያል። የፊት ጎማ እየደከመ ሲሄድ ያዞርና መኪናው እስኪታዘዘው ይጠብቃል፤ እምቢ ካለ ትንሽ ይጨምራል። የኋላው ሲደክም ደግሞ እጁ ቶሎ ቶሎ ወደ ተቃራኒ ይሰብራል፣ ከኩርባው ሲወጣም ነዳጅ ለመስጠት ይፈራል። የሞተሩ ድምፅ ከወትሮው ዘግይቶ ነው የሚከፈተው። ይህንን ያየና የሰማ ሰው «የዚህ ልጅ ጎማ አልቋል፣ አሁን ይጠሩታል» ይላል። ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ ጎማ ሊቀይርለት ይጠራዋል። «ሰውየው ጠንቋይ ነው እንዴ?» የሚል ካፌው ውስጥ አይጠፋም።

ማለፍ ላይም እንደዚሁ ነው። አንዱ መኪና ሌላውን ተጠግቶ ሲከተል ከፊት ያለው አየሩን ይበጠብጥበታል። ወደ መሬት የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ የኋለኛው መኪና አፍንጫው ይቀላል። ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ይሸሻል፣ ይንሸራተታል፣ ጎማው ይግላል። እኛ «ምን ሆኖ ነው የማያልፈው? ፈሪ!» እያልን እንጮኻለን። ነድቶ የሚያውቀው ግን ልጁ ሆን ብሎ ትንሽ ወደ ኋላ መቅረቱን፣ ጎማውን እያቀዘቀዘ መሆኑን፣ የሚሞክረውም የትኛው ኩርባ ላይ እንደሆነ ይነግረናል። ያኔ ምንም ያልተፈጠረበት የሚመስል አሥር ዙር ትንፋሽ ያሳጥራል። እንዲህ ያለ ነገር የማይነግረኝ የቀድሞ ተወዳዳሪ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ከእሱ እኩል አያለሁ።

«ሻምፒዮን ይሻላል» ለምትሉት ማርቲን ብራንድልን ልጥቀስ። እኛ በዲኤስቲቪ የምንሰማው የእንግሊዞቹ የስካይ ስርጭት ላይ ያለው ሰው ነው። ፎርሙላ ዋን ላይ 158 ጊዜ ተወዳድሯል። ስንቱን አሸነፈ? አንድም። መድረክ ላይ የወጣው 9 ጊዜ ነው፣ ሁሉም ሁለተኛና ሦስተኛ። ቀሽም ነበር ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የስፖርት መኪኖች የዓለም ሻምፒዮን ነበር፤ በ1990 ደግሞ በጃጓር የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸንፏል። ፎርሙላ ዋን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የደረሰው ግን መካከለኛ ወይም ደካማ መኪና ነው።

ጥቅሙን እዚህ ላይ ነው የማየው። መኪናው የሚታዘዘው ሰው ብዙ ነገር ሳያስተውል ያልፋል። እምቢተኛ መኪና ይዞ የኖረ ሰው ግን የትኛው ጎማ፣ የት ቦታ፣ ምን እንዳደረገው ለመሐንዲሶቹ በቃል ማስረዳት አለበት። ሥራው ራሱ አፍ ያስፈታል። በዚያ ላይ ብራንድል በቤኔቶን ቡድን ከማይክል ሹማከር፣ በማክላረን ቡድን ከሚካ ሃኪነን ጋር ነድቷል። ከእሱ የሚበልጥ ሰው በዚያው መኪና ምን እንደሚሠራ አይቷል ማለት ነው። ስለዚህ የትልልቆቹን ብልጫ ሲናገር ቅናትም የለበትም፣ አምልኮም የለበትም። «እኔ ይሄን አልችልም ነበር» ማለት የሚችል ሰው ደስ ይለኛል።

በጥናት የማይገኝ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1994፣ ጃፓን ሱዙካ፣ ዝናብ። ብራንድል ማክላረን እየነዳ ውሃው ላይ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣ። እዚያው ቦታ ላይ ሌላ የወጣ መኪና ለማንሳት የገባ ትራክተር ቆሟል። ትራክተሩን ለጥቂት ሳተው፤ አንድ የውድድር ሠራተኛ ግን ገጭቶ እግሩን ሰበረው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ 2014፣ እዚያው ሱዙካ፣ አሁንም ዝናብ። ጁል ቢያንኪ የተባለ ተወዳዳሪ ከመንገድ ወጥቶ የሌላ ሰው መኪና ሲያነሳ ከነበረ ትራክተር ጋር ተጋጨ። ሳይነቃ በቀጣዩ ዓመት አረፈ። አደጋ ሲኖር ሁሉም ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድደው «ቨርቹዋል ሴፍቲ ካር» የሚሉት አሠራርም ከዚያ በኋላ፣ በ2015 ነው የገባው። ብራንድል ስለ ትራክተር ጉዳይ ደጋግሞ የጮኸ ሰው ነው። ዛሬም ዝናብ ሲዘንብና አንድ ትራክተር ዳር ላይ ብቅ ሲል ድምፁን አዳምጡት። ቀልዱ ሁሉ ይቆማል። ጋዜጠኛም የሱዙካን ታሪክ ያውቀዋል፣ ሊነግረንም ይችላል። የሰውየው ግን ሰውነቱ ነው የሚያስታውሰው፤ እኛም ይሰማናል።

ሻምፒዮን ሆኖም ማይክ ያወቀበት አለ። ጄምስ ሃንት እ.ኤ.አ. በ1976 ኒኪ ላውዳን በ1 ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። ከ1980 ጀምሮ በ1993 በ45 ዓመቱ እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ቢቢሲ ላይ ከኮሜንታተሩ መሬይ ዎከር ጋር ሠራ። የሃንት ጉልበት ምላሱ ነበር። በ1989 ሞናኮ ላይ ሬኔ አርኑ ቀስ ብሎ እየነዳ የፈጣኖቹን መንገድ ሲዘጋ፣ ዎከር የአርኑን ሰበብ በትህትና አቀረበለት፦ ሰውየው ቱርቦ ሞተር ስለለመደ ይሄኛው አልተመቸውም። ሃንት በቀጥታ ስርጭት፣ በቢቢሲ፣ እዚህ ልጽፈው በማልችለው ቃል ሰበቡን ውድቅ አደረገው። ብዙዎቹ የቀድሞ ተወዳዳሪዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ነገ ፓዶክ ውስጥ (ቡድኖቹ የሚሰፍሩበት ግቢ) ስለሚገናኙ፣ ወይም ትናንት የነዱለት ቡድን ስለሆነ፣ ሁሉም «ጎበዝ ልጅ» ይሆንባቸዋል። ተመልካቹ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ሲሸፋፈንበት ያውቃል።

ልክ አለው ግን። ያው ሃንት በ1978 ሞንዛ ላይ ለደረሰውና የሮኒ ፒተርሰንን ሕይወት ለቀጠፈው አደጋ ሪካርዶ ፓትሬሴን ጥፋተኛ አድርጎ ያዘ። የጣልያን ፍርድ ቤት ፓትሬሴን ነፃ አወጣው። ሃንት ግን ቂሙን ይዞ ለዓመታት በማይኩ ወጋው። እውነት መናገርና ቂም መወጣት ለየቅል ናቸው። ይህንን ያልለየ ሰው ማይክ ባይሰጠው እመርጣለሁ፣ ሻምፒዮንም ቢሆን።

ዎከርን ካነሳሁ አይቀር፣ የቀድሞ ተወዳዳሪ ብቻውን ስርጭት አይሸከምም። መሬይ ዎከር ፎርሙላ ዋን ላይ ተወዳድሮ አያውቅም፤ ድምፁ ግን የውድድሩ ሞተር ነበር። የእኛ ደምሴ ዳምጤ በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲያስተላልፍ አገሩን በሙሉ አብሮ አስመታው። አንድም ሰው «ኳስ ተጫውቶ ያውቃል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ስሜቱን የሚይዝ አንድ፣ ምክንያቱን የሚይዝ ሌላ ያስፈልጋል። ውድድሩን የሚያስጀምረው ቀይ መብራት ሲጠፋና መኪናው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ኩርባ ሲጎርፍ የቀድሞው ተወዳዳሪ ዝም ይበል። ያ የጓደኛው ሰዓት ነው። ዝም ማለት የማይችል ብዙ አለ። በተለይ «በእኛ ጊዜ» የሚባለው በሽታ። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ከ80 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል። አንድ «በእኛ ጊዜ» ተጀምሮ እስኪያልቅ ሁለት ሰው ተላልፏል፣ እኔም ካፌው ውስጥ የምመልሰው ጥያቄ በዝቶብኛል።

በዚያ ላይ ጊዜው ይሮጣል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ መኪናው ሃይብሪድ ነው፤ በነዳጅም በባትሪም ይሄዳል። ባትሪው የት እንደሚሞላ፣ የት እንደሚለቀቅ ካልገባህ ግማሹ ውድድር አይገባህም። ከዚያ በፊት ያቆመ ሰው ቁጭ ብሎ መማር አለበት። ሌላው የቀድሞ ተወዳዳሪ አንቶኒ ዴቪድሰን የሚጥመኝ ለዚህ ነው። ፎርሙላ ዋን የተወዳደረው 24 ጊዜ ብቻ ነው። ግን ለዓመታት የመርሴዲስ ቡድንን ሲሙሌተር (መኪናውን በኮምፒውተር የሚያስመስል ማሽን) ሲነዳ ስለኖረ አዲሱ መኪና ምን እንደሚል ያውቃል። ስክሪን ላይ የሁለት ተወዳዳሪዎችን ዙር ጎን ለጎን አቁሞ፣ አንዱ ፍሬን የለቀቀበትን ቦታ በጣቱ ሲያሳይ እንግሊዝኛ የማይሰሙት ጓደኞቼ ሳይቀሩ ይገባቸዋል። እኔም ያን ሰዓት ቡናዬን እጠጣለሁ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ፕሪሚየር ሊግ በአማርኛ መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ ኳስ የማይከታተል የነበረ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ ሲሰማ አያለሁ። ለመኪናውም ይቻላል። አንዳንዶቻችሁ የታወቁ የኳስ ኮሜንታተሮችን ስም ጠርታችኋል። ለድምፁ ጥሩ ነው፣ እቀበላለሁ። ከጎኑ ግን በራሊም ሆነ በሞተር ውድድር ያለፈ ሰው ይቀመጥ። እዚህ አገርም አይጠፋም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ከዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድሮች አንዱን ናይቫሻ ላይ እያስተናገደች ነው፣ ሄዶ የሚማር ካለ ቅርብ ነው። ፎርሙላ ዋን ነድቶ የሚያውቅ ሰው እንደማናገኝ ግልጽ ነው። የነዳጅና የፍሬን ወግ ግን ብዙ ቦታ አንድ ነው።

ፈተናውን እኔ ላውጣ ብባል እንዲህ አደርግ ነበር። የድሮ ውድድር ድምፁን አጥፍቼ እከፍትለታለሁ፣ ያላየው ውድድር። ከመካከል ጀምሮ ጥቂት ዙር ይይ። ከዚያ «ቀጥሎ ማን ነው ጎማ የሚቀይረው? ማን ነው የሚሳሳተው? በምን አወቅህ?» እለዋለሁ። ስሙ የገነነ መሆኑን አልጠይቅም። እጁን አይቶ ከተናገረና ነገሩ ከሆነ ማይኩን ይውሰድ። ድምፁ ቢጎረንንም ግድ የለም፣ የሚያምረውን ድምፅ ጓደኛው ያምጣ። ስም ያላችሁ ኮመንት ላይ ጣሉ፣ የካፌውን ባለቤት ስክሪን የማስለቀቁን ነገር ግን ለእኔ ተዉት።