ያስነከስኩት እርሳስ

የጎረቤታችን ልጅ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ሳምንት በር ላይ አገኘችኝና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችኝ። «ሳነብ እያንዳንዱን ቃል በሆዴ እየጠራሁ ነው። ፈተና ላይ ሰዓቱ ያልቅብኛል። እንዴት ነው የምተወው?»

«አስቤ እነግርሻለሁ» ብዬ ሸኘኋት። መልስ ጠፍቶኝ አልነበረም። አንድ እርሳስ ትዝ ብሎኝ ነው። ለፈተና የምትዘጋጁ ሌሎች ልጆችም ይሄው ጥያቄ ይኖራችኋልና ለሁላችሁም ልጻፈው።

በ1978 ዓ.ም ክረምት ነው። አዲስ አበባ ፋርማሲ እማር ነበር። ለእረፍት አባይን ተሻግሬ ጎጃም፣ ቤተሰቦቼ ዘንድ ሄድኩ። ታናሽ ወንድሜ መስከረም ላይ አስራ ሁለተኛ ክፍል ሊገባ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ከእኔ የበለጠ የቆየው እሱ ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ ውርድ ንባቡን ቁም ንባቡን አልፎ፣ ዳዊት ደግሞ ነው ወደ አስኳላ የገባው። እዚያ ቤት ንባብ ማለት ድምጽ ነው። የኔታ መጽሐፉን አያዩም። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ድምጹ ተነስቶ የሚነበበውን ተነሽ ቃል ከጣልክ፣ ወድቆ የሚነበበውን ወዳቂ ካነሳህ፣ ከተቀመጡበት «መልስ!» ይላሉ። ጆሯቸው አያሳልፍህም።

ወንድሜ እንግሊዝኛውንም ኬሚስትሪውንም እንደዚያው ያነብ ነበር። መደቡ ላይ ይቀመጥና በለሆሳስ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ትንሽ ወዲያ ወዲህ እያለ። አየሁትና ተናደድኩ። ዩኒቨርስቲ ውስጥ አንድ ከእኔ ከፍ ያለ ተማሪ «ፈጣን አንባቢ ቃል አይጠራም፣ በአይኑ ብቻ ይወስዳል» ብሎኝ ነበር። መላውንም አብሮ ነግሮኛል። ቀይና ጥቁር መስመር ያለው እርሳስ ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ጥርስህ መሃል ያዘው። ምላስህ እንዳይንቀሳቀስ» አልኩት።

ያዘው። እኔን እምቢ ብሎ አያውቅም። ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ በኩራዝ አንድ ሰዓት። ከንፈሩ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ጠረጴዛውን በጣቴ መታ አደርጋለሁ። እርሳሱ ቀለሙ ተልጦ፣ ጥርሱ የነከሰበት ቦታ እንጨቱ ድረስ ጎድጉዶ፣ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። አንድ ገጽ ሲጨርስ «ምን ይላል?» እለዋለሁ። ዝም ይላል። «ትለምደዋለህ» እለዋለሁ። እናቴ አንድ ቀን ቡና እያፈላች «ምነው ልጁን ለጎምከው?» አለችኝ። አልሰማኋትም።

ማትሪክ ተፈተነ። እንግሊዝኛ ዲ አመጣ። ነጥቡ ለዩኒቨርስቲ አልበቃም። በሚቀጥለው ክረምት ስሄድ የሆነውን ነገረኝ። ምንባቡ ጋ ሲደርስ የራሱን ድምጽ በውስጡ ይሰማል። ያኔ የእኔ ጣት ጠረጴዛ ላይ የመታ ይመስለዋል። ድምጹን ያፍነዋል። ሲያፍነው ሃሳቡ ይጠፋዋል። እንደገና ከላይ ይጀምራል። የመጀመሪያውን አንቀጽ አራት ጊዜ አነበበው። ፈታኙ «አስር ደቂቃ ቀርቷል» ሲል የቀረውን እየገመተ አጠቆረ። «ጋሼ፣ አይኔ አለፈ፣ እኔ አላለፍኩም» አለኝ። አልወቀሰኝም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚከብደኝ።

ማወቅ ነበረብኝ። በ1971 ዓ.ም የመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እኔ ራሴ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆኜ ገበሬዎችን አስተምሬአለሁ። አንዲት እናት ነበሩ፣ ጉልበታቸው ላይ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚማሩ። ስማቸውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። አንድ አንድ ፊደል እየጠሩ ሄዱ፣ መጨረሻው ላይ ድምጹ ስማቸው ሆነ። «እኔው ነኝ!» ብለው እልል አሉ። ፊደሉን ሰው ያደረገው ድምጻቸው ነበር። ያንን እያየሁ ነው ወንድሜን አፉን የዘጋሁት።

በኋላ፣ ጸጸቱ ሲያንገበግበኝ፣ ጉዳዩን ማንበብ ጀመርኩ። አለን ባድሌይ የሚባል እንግሊዛዊ የስነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እሱና ግራሃም ሂች በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ አጭር ጊዜ ትውስታ አንድ ትልቅ ሃሳብ አቀረቡ። ያነበብነውን የአረፍተ ነገር መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይዞ የሚያቆይልን አንዱ ነገር ይሄው የውስጥ ድምጽ ነው። ሰዎች እያነበቡ ሌላ ቃል ደጋግመው እንዲሉ ሲደረግ፣ ቀላሉን አረፍተ ነገር ይረዱታል። ረዥም ሲሆንና የቃላቱ ቅደም ተከተል ሲቀያየር ግን ስህተቱ ያመልጣቸዋል። የፈተና ምንባብ ደግሞ ቀላል አረፍተ ነገር አይደለም።

ፍጥነቱም ቢሆን የሚወራውን ያህል አይራራቅም። አዋቂ ሰው እንግሊዝኛ በዝምታ ሲያነብ በደቂቃ 240 ገደማ ቃል ነው፤ ድምጹን አውጥቶ ሲያነብ 180 ገደማ። በደቂቃ አንድ ሺህ ቃል አስነብባለሁ የሚላችሁ ሰው ገጽ እያስገለጣችሁ ነው።

አማርኛማ ያለ ድምጽ ይከብዳል። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «ገና» ብዬ ብጽፍላችሁ በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? «አለ» ብል ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ከዙሪያው ካለው ቃል ለይታችሁ በሆዳችሁ ትጠሩታላችሁ።

በሥራዬም ያዳነኝ ይሄው ነው። 35 ዓመት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ ቆሜአለሁ። ሃይድራላዚን የደም ግፊት መድኃኒት ነው፣ ሃይድሮክሲዚን የማሳከክ። መደርደሪያ ላይ አይን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። እኔ ሁልጊዜ ስሙን በለሆሳስ እጠራዋለሁ፣ ከዚያ ነው እጄ የሚዘረጋው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ጸሎት ይመስላቸው ነበር።

እንግዲህ የልጅቷ ጥያቄ። የውስጥ ድምጽሽ ይኑር፣ አትታገይው። ከንፈርሽ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን እሱን ማቆም ይሻላል፣ አይንሽ አፍሽን እየጠበቀ ይዘገያልና። ቢሆንም አረፍተ ነገሩ አስቸጋሪ ከሆነ ይንቀሳቀስ፣ ፈታኙን እስካልረበሽሽ ድረስ። በእንግሊዝኛ ምንባብ ውስጥ የሚመጣውን ረዥም የሰውና የአገር ስም ግን አትጥሪው። የመጀመሪያውን ፊደል ይዘሽ እለፊ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሄንን ብታደርጊ እቆጣሻለሁ፣ ለፈተና ግን ይሠራል።

ሰዓቱን የሚበላው ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ማንበቡ ነው። የማትመለሱት ቃሉ አፋችሁ ላይ የተለመደ ሲሆን ነው። እዚህ ላይ በዛሬ ልጆች አዝናለሁ። ጎበዞች ናችሁ፣ እኛ ያላገኘነውን መጽሐፍ በስልካችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ግን ከቴሌግራም የተጨመቀ ማስታወሻና መልስ እየወሰዳችሁ፣ አንድ ሙሉ ገጽ እንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ሳታነቡ ፈተና ትገባላችሁ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ብዙው ተማሪ የሚፈተነው ዩኒቨርስቲ ግቢ ነው። ብዙዎቻችሁ ከቤት ርቃችሁ፣ በማታውቁት አልጋ አድራችሁ ነው የምትፈተኑት። በአፋችሁ ብላችሁት የማታውቁትን ቃል እዚያ፣ ተጨንቃችሁ፣ መጀመሪያ ጊዜ ልትጠሩት? ቤት ሳላችሁ በቀን ሃያ ደቂቃ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ቃሉ አፍ ሲለምደው በሆድም ይፈጥናል።

ይሄንን ከመጻፌ በፊት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ማሰልጠኛ ገብቶ መምህር ሆኖ፣ ከሰላሳ ዓመት በላይ አንደኛ ክፍል ፊደል አስተምሮ አሁን ጡረታ ወጥቷል። «እርሳሱን ታስታውሰዋለህ?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። «ቀይና ጥቁር ነበር» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተወው ጋሼ» አለና ስለ ልጆቼ ይጠይቀኝ ጀመር።

ልጅቷ ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች። የእንግሊዝኛ መጽሐፏን ይዛ እንድትመጣ ነግሬአታለሁ። ድምጿን አውጥታ ታነብልኛለች፣ እኔ እሰማታለሁ።